አስፈሪ ፊልምና የወሎ ተመልካች

የጥቅምት ወር በሀገራችን የብርድና የአዝመራ ተስፋ ወር ነው። ዝናሙ አባርቶ፣ ሰብሉ በየማሳው የሚያፈራበት፣ ሌሊቱም ከቀኑ እየረዘመ የሚሄድበት ጊዜ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ይኸው ወር ሌላ ትርጉም አለው። በነርሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን፣ ሃሎዊን የሚባለው በዓል ይውላል። ይህ ቀን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ሲሆን፣ የጥንት ኬልቶች የመከሩን ማለቅና የብርዱን ወራት መግባት ምክንያት አድርገው ያከብሩት ከነበረው በዓል ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ልጆች የሙታንና የአጋንንት መልክ ያለው ጭምብል አጥልቀው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ፤ ትልልቆቹም በየሲኒማ ቤቱና በየቤታቸው ተሰብስበው አስፈሪ ፊልም ያያሉ። የፊልም ነጋዴዎችም አዳዲስ አስፈሪ ሥራዎቻቸውን ለዚህ ወቅት ያዘጋጃሉ።

በዓሉ የእኛ አይደለም፤ ፊልሙ ግን ከደጃችን ከደረሰ ቆይቷል። ትናንት በየቪዲዮ ቤቱ በጥቂት ሳንቲም ይታይ የነበረው ዛሬ በወጣቱ ኪስ ውስጥ ባለው የእጅ ስልክ ይታያል። በደሴ ከተማ ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ ኮምቦልቻ ድረስ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ብርዱ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ሲያስገባ፣ ይህን ዓይነት ፊልም የሚያይ ተማሪ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ የትኛውን ማየት ይገባል፣ የትኛውንስ መተው ይሻላል የሚለው ነገር የመምህራን፣ የወላጆችና የተማሪዎች ጥያቄ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መመዘኛ ለማቅረብና በዚያም መመዘኛ ጥቂት ፊልሞችን ለመመርመር የታሰበ ነው። የውጭ አገር ፊልሞች የወጡበት ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የሀገራችን ታሪክ ግን በራሳችን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ሲኒማና ፍርሃት በሀገራችን የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ብዙ ሰዎች ይህን ስም የድንቁርና ምልክት አድርገው ይስቁበታል። ነገሩን በጥሞና የተመለከትነው እንደሆነ ግን ስሙ ከንቱ አይደለም። ሥጋና ደም የሌለው ሰው በጨርቅ ላይ ሲራመድ፣ ከዓመታት በፊት የሞተው ሰው ዛሬ ሲስቅ ማየት በእርግጥ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ዓይናችን ለምዶት እንጂ ፊልም ሁሉ ጥቂት የመንፈስ ጠባይ አለው። አስፈሪ ፊልም ሠሪዎች ያደረጉት ነገር ቢኖር ያንን ጠባይ አውቀው ለሥራ ማዋላቸው ነው።

ስለ አስፈሪ ፊልም የሚነሣው ክርክር ዘወትር በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ይህ ነገር የልጆችን አእምሮ ያበላሻል፤ ከሃይማኖትም ከባህልም አይስማማም፤ ደም ማየትን ያስለምዳል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ ጨዋታ ነው፤ ፈርተን እንስቃለን፤ ፊልሙ ሲያልቅ ፍርሃቱም ያልቃል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ይኸውም አስፈሪ ፊልሞችን ሁሉ እንደ አንድ ነገር መቁጠራቸው ነው። አያቶቻችን ስለ ጭራቅ የሚተርኩት ተረት አስፈሪ ነው፤ የጎረቤትን ስም የሚያጠፋ የሐሜት ወሬም አስፈሪ ነው። ሁለቱን ግን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ አስተዋይ አይገኝም።

ስለዚህ ሦስት መመዘኛዎችን እናቁም። የመጀመሪያው፣ ፊልሙ የሚሰጠን ድንጋጤን ነው ወይስ ፍርሃትን? የሚል ነው። ቋንቋችን እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ያውቃቸዋል። ድንጋጤ የሥጋ ነው፤ በር በድንገት ሲንኳኳ፣ ድምፅ በድንገት ሲጮኽ ይመጣል፤ ወዲያውም ይሄዳል። ፍርሃት ግን የልቡና ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሰውንም ያሳስበዋል። ሁለተኛው መመዘኛ፣ ፊልሙ ማንን እንድንፈራ ያስተምረናል? የሚል ነው። ሦስተኛው፣ መብራቱ ከበራ በኋላ በልባችን የሚቀረው ምንድን ነው? የሚል ነው።

ከሦስቱ ለእኛ ሀገር እጅግ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አሜሪካዊ ተመልካች ድራኩላን ሲያይ በጎረቤቱ ደም መጣጭ አለ ብሎ አያምንም። በእኛ ዘንድ ግን ቡዳ የሚባለው ነገር ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በቀን ከገበያ ጀበናና ምጣድ የሚሸጥልን ሸክላ ሠሪ፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠራልን ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል፣ በዓይኑም ሰው ይበላል እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲታማ፣ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ይህ በደል ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ስለ ተረዱ ነው። በሰኞ ገበያም ሆነ በሌላው ገበያ የቀን ሸማች ሆኖ የሌሊት ሐሜተኛ የሆነ ሰው አልጠፋም። እንግዲህ በወሎ ምድር ተቀምጦ አስፈሪ ፊልም የሚያይ ወይም የሚሠራ ሰው፣ ፍርሃት ሰውን የሚያገልል መሣሪያ ሆኖ ያውቃልና ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባል።

በዚህ ዓይን መጀመሪያ የምንመረምረው በ1942 የወጣውን «የድመት ሰዎች» የተባለውን ፊልም ነው። አዘጋጁ ዣክ ቱርነር፣ ሥራውን የመራው ቫል ሉተን ነው። ታሪኩ ከሰርቢያ ወደ አሜሪካ የመጣች ኢሬና የምትባል ወጣት ሴት፣ በትውልድ መንደሯ እንደሚወራው፣ ፍቅርና ቅናት ሲያድርባት ወደ አውሬነት እለወጣለሁ ብላ ስትሠቃይ ያሳያል። የቡዳንና የጅብን ነገር ሰምቶ ላደገ ተመልካች ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። ፊልሙ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ስለሆነ አውሬውን አብዝቶ ለማሳየት አልቻለም፤ ድህነቱም ጥበብ ሆነለት። አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን በግንብ ሥር ስትሄድ ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴው ድንገት ዝም ይላል፤ ፍርሃቱ ያለው በዝምታው ውስጥ ነው። በሌላ ትርኢት ይህችው ሴት በመዋኛ ውኃ ውስጥ ሳለች በግድግዳው ላይ ጥላ ይመላለሳል፣ የአውሬ ማጉረምረምም ይሰማል፤ አውሬው ግን አይታይም። በደሴ ጨለማ ጅብ ሲጮኽ በቤቱ ተኝቶ የሰማ ሰው ይህን ጥበብ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ «የድመት ሰዎች» ሁለተኛውን መመዘኛ በሙሉ ያልፋል ለማለት አይቻልም። ፊልሙ ለኢሬና ያዝንላታል፤ ከጥርጣሬው የተነሣ ብቸኛ መሆኗን፣ ባሏም ሐኪሙም ያልተረዷት መሆኑን በርኅራኄ ያሳያል። በመጨረሻ ግን ጥርጣሬው እውነት እንደነበረ ይፈርዳል፤ እንግዳይቱ ሴት በእርግጥ አውሬ ሆና ትገኛለች። በዚህ ላይ የሚነሣ ተከራካሪ «ተረት አይደለምን? ተረት ላይ ፍርድ ቤት ማቆም ምን ይባላል?» ሊል ይችላል። መልሱ፣ ተረቱ ባልታመነበት አገር ተረት ነው፤ በታመነበት አገር ግን ምስክርነት ይሆናል የሚል ነው። ስለዚህ ይህን ፊልም ለመምህራንና ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች እመክራለሁ፤ ካዩ በኋላ ግን «ኢሬና ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ታሪኩ ምን ይሆን ነበር?» ብለው ይወያዩበት።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጠው በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የሠራው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ነው። ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ሕያዋንን ይበላሉ፤ ጥቂት ሰዎችም በአንድ የገጠር ቤት ተሸሽገው ሌሊቱን ይከላከላሉ። ከነርሱ መካከል ብልሁና ቆራጡ ቤን የተባለው ጥቁር ሰው ሲሆን፣ የተጫወተውም ዱዌን ጆንስ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ፊልም ጥቁር ሰው በነጮች መካከል መሪ ሆኖ መታየቱ ተራ ነገር አልነበረም። ሙታኑ የሚያስፈሩ ናቸው፤ ነገር ግን ቤቱን የሚያፈርሰው በውስጡ ያሉት ሰዎች አለመስማማት ነው። ጎሕ ሲቀድም የሚመጡት መሣሪያ የያዙ ነፍስ አዳኞች ሌላ ፍርሃት ይዘው ይመጣሉ። ከሙታን እጅ ያመለጠው ሰው በሕያዋን እጅ ይወድቃል። ይህ ፊልም የሚያስተምረን የተገለለውን ሰው እንድንፈራ ሳይሆን፣ ሳያጣራ የሚተኩሰውን ሰው እንድንፈራ ነው። የባለቤትነቱ ማስታወቂያ በፊልሙ ላይ ሳይጻፍ በመቅረቱ ማንም ሰው በነጻ ሊያየው የሚችል መሆኑ ደግሞ ለትምህርት ቤት ክበባት ተጨማሪ ጥቅም ነው። ደምና የሰው ሥጋ መብላት ስላለበት ግን ለሕፃናት አይሆንም።

የበዓሉን ስም የያዘው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» በ1978 ወጣ። ከ300,000 ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ወጪ ተሠርቶ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል። ሙዚቃውን የደረሰው አዘጋጁ ራሱ ነው። ፊልሙ የተነሣው በካሊፎርኒያ በጸደይ ወራት ስለነበረ፣ የመከር ቅጠል ለማስመሰል ሠራተኞቹ ቀለም የተቀባ ቅጠል እየበተኑ፣ ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ መልሰው ይለቅሙት ነበር ይባላል። በእጅ ሥራ በኩል ከተመለከትነው እጅግ የተዋጣለት ነው። የነፍሰ ገዳዩ ነጭ ጭምብል ምንም ዓይነት ስሜት የማይነበብበት በመሆኑ፣ ተመልካቹ የራሱን ፍርሃት ይጽፍበታል። ነገር ግን ገዳዩ ምክንያት የለውም፤ ከአእምሮ ሕሙማን ቤት ያመለጠ ክፉ ነው ከመባል በቀር የሚነገርለት ነገር የለም። ከርሱ በኋላ የመጡት ብዙ ፊልሞች ጥበቡን ትተው ቢላዋውን ብቻ ወረሱ፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚለውንም ክፉ ትምህርት አዛመቱ። ስለዚህ «ሃሎዊን» የፊልም ሙያ ለሚማር ይጠቅማል፤ የተከታዮቹን መንጋ ግን ባናይ የምናጣው ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የዊሊያም ፍሪድኪን «ዘ ኤክሶርሲስት» ነው። ይህ የ1973 ፊልም በአንዲት ልጅ ላይ ያደረ ርኩስ መንፈስ በካህናት ጸሎት ሲወጣ ያሳያል። ለአካዳሚ ሽልማት በዓመቱ ምርጥ ፊልምነት ከታጩት መካከል ለመቆጠር የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ነው። ደጋፊዎቹ «ይህ ፊልም እምነትን የሚያጸና ነው» ይላሉ፤ በእርግጥም ስለ ካህኑ መጠራጠርና ራስን መስጠት የሚናገረው ክፍል ጥልቅ ነው። በሀገራችን ግን ሰው ለእንዲህ ያለ ሥቃይ ወደ ጠበል ይሄዳል፤ በወሎም በዱዓና በወዳጃ ሥርዓት ፈውስን ይለምናል። ነገሩ በሕይወት ያለ የቤተ ሰብ ኀዘን እንጂ የትርኢት ጨዋታ አይደለም። በቅርቡም የሕሙማንን ጩኸት በስልክ እየቀረጹ በኢንተርኔት ማሰራጨት ተለምዷል። ይህን ልማድ የሚያይ ሰው ፊልሙንና ሕመምተኛዋን እኅቱን በአንድ ዓይን ማየት እንዳይጀምር እሰጋለሁ። ስለዚህ ይህን ፊልም ለጎልማሶች ብቻ፣ ያውም በማስተዋል እንዲያዩት እንጂ ለወጣቶች መዝናኛ አልመክረውም።

ለወሎ ተመልካች ከውጭው ዓለም አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የጃፓናዊውን የማሳኪ ኮባያሺን «ክዋይዳን» ነው። ይህ የ1964 ፊልም አራት የቆዩ ተረቶችን የያዘ ሲሆን፣ በካን የፊልም በዓል ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። ከአራቱ አንዱ ሆይቺ ስለሚባል ዓይነ ስውር ባለ ክራር መሰል መሣሪያ ዘፋኝ ነው። ይህ ሰው በባሕር ጦርነት ያለቁ መኳንንትን ታሪክ እያዜመ ይኖራል፤ ሙታኑም ሌሊት ሌሊት እየጠሩት የሞታቸውን ታሪክ በፊታቸው ያዜማል። መነኮሳቱ ሊያድኑት ቅዱስ ቃል በገላው ሁሉ ላይ ይጽፉበታል፤ ጆሮዎቹን ግን ይረሷቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ተመልካች ራሱ ይየው።

የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት የሰማ፣ አዝማሪ የሞቱትን ጀግኖች በማሲንቆ ሲያነሣ ያደመጠ የወሎ ሰው ይህን ታሪክ የሩቅ ምሥራቅ ታሪክ ነው ብሎ አያልፈውም። በባለቤቱ ቁመት ልክ በብራና ላይ የሚጻፈውን ክታብ የሚያውቅም ሰው፣ ጽሕፈት ገላን ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ ከእኛም ዘንድ እንዳለ ያስታውሳል። የዚህ ፊልም ፍርሃት ማንንም ጎረቤት አያሳማም። ሙታኑም ክፉዎች አይደሉም፤ እንዳይረሱ የሚፈልጉ ናቸው። ሦስቱንም መመዘኛዎች አለ ችግር ያልፋል። ርዝመቱና ዝግታው ለችኩል ተመልካች ይከብዳል፤ መታገሥ ግን ዋጋ አለው።

ወደ ገዛ ሀገራችን ስንመለስ፣ ስለ ወሎ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ አስፈሪው አስፈሪ ተብሎ አልተሠራም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የወሎን ረኀብ በፊልም አንሥቶ «ያልታወቀው ረኀብ» በሚል ስም ለዓለም አሳየ። ፊልሙ በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት ወር ነበር። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል እየተሰካበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የዙፋኑን መውደቅ ፊልም ብቻውን አላመጣውም፤ ነገር ግን ሥዕል ከሥዕል ጋር ሲቀጣጠል ምን ኀይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ፊልም ማንም «ልዝናና» ብሎ አያየውም፤ ግን ሦስተኛውን መመዘኛ፣ ማለት መብራት ከበራ በኋላ የሚቀረውን ነገር፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳ እርሱ ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም በዚሁ ረድፍ መቆም አለበት። በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም፣ ከጀርመን የተመለሰው ሐኪም አንበርብር በቀይ ሽብር ዘመን ያየው ነገር በሕልሙ እየመጣ ሲያስጨንቀው ያሳያል። ጭራቅም ጋኔንም የለበትም፤ ሆኖም በብዙ ጋኔን ከተሞሉ ፊልሞች ይልቅ ያስፈራል። አስፈሪ ፊልም በአማርኛ አልተለመደም የሚሉ ሰዎች «ጤዛ»ን በዚህ ዓይን ደግመው ቢያዩት አሳባቸውን ያሻሽላሉ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌላው ዓለም የሃሎዊን ጭምብል በሚጠለቅባቸው በነዚያው ቀናት፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከዚያ አስቀድሞ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር፤ ኋላም የደሴ ሰው ራሱ ልጁን አዝሎ በእግሩ ተሰደደ። መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ዛሬ በክፍላችን ተቀምጧል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ «አስፈሪ ፊልም እንይ» ሲባል ነገሩ እንደ ሌላው አይደለም። ድንጋጤን በገንዘቡ የሚገዛ ድንጋጤን ያልጠገበ ሰው ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤትም ሆነ በቤት፣ የተኩስና የፍንዳታ ድምፅ የበዛበትን ፊልም ከማሳየት በፊት ማን እንደተቀመጠ ማወቅ፣ መውጣት የሚፈልገውም ሳያፍር እንዲወጣ ማድረግ የአስተማሪና የወላጅ ግዴታ ነው።

ይህ ማለት ግን ጦርነት ያየ ሰው አስፈሪ ፊልም አይየው ማለት አይደለም። በ2020 ሬሚ ዊክስ ያዘጋጀው «ሂዝ ሐውስ»፣ ማለት «የእርሱ ቤት»፣ የዚህ ማስረጃ ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ አገር የገቡ ባልና ሚስት በተሰጣቸው ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚንሾካሾክ መንፈስ ያገኛሉ። ባልየው አዲሱን አገር መስሎ ለመኖር ያለፈውን ሊረሳ ይታገላል፤ ሚስቱ ግን መንፈሱ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ምሥጢሩን መግለጥ የተመልካቹን ደስታ መንጠቅ ነውና እተወዋለሁ። ነገር ግን የፊልሙ አሳብ፣ ከጦርነት የተረፈ ሰው ሙታኑን አባርሮ ሳይሆን አብሯቸው መኖርን ተምሮ ነው የሚድነው የሚል ነው። ይህን ፊልም በድንጋጤ በኩል የተቸነከረበት ጥቂት ትርፍ ነገር ቢኖርም፣ ለተፈናቃይ ወገን ክብር የሰጠ፣ ፍርሃቱንም ስም ያወጣለት ሥራ ስለሆነ ለጎልማሶች ከልብ እመክረዋለሁ።

በጠቅላላው የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። የፊልም ጥበብን ለመማር «የድመት ሰዎች»፤ ስለ ማኅበር ኑሮ ለመወያየት «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»፤ ለመንፈስና ለጆሮ «ክዋይዳን»፤ ለራሳችን ታሪክ «ጤዛ»፤ ለቆሰለ ልብ «ሂዝ ሐውስ»።

የውጭውን ከመምረጥ ጋር የራሳችንን መሥራትም አለ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንደሚባለው፣ ጠባዩን ላላወቅነው ለባዕድ ጭራቅ ሁሉ ቁርበት እያነጠፍን መኖር አይገባንም። የአማርኛ ፊልም በፍቅርና በቀልድ ላይ ብዙ ደክሟል፤ ፍርሃትን ግን ገና በሚገባ አልሞከረውም። ጉሙ፣ ገደሉ፣ የሌሊቱ ብርድ፣ በእሳት ዳር የሚነገረው ተረት ሁሉ በወሎ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ የሚነድደው ጢስም አለ። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ ከሃሎዊን በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ የራሳችን የፍርሃት ቀን ነው። አንድ ደራሲ ከዚህ ተነሥቶ ቢጽፍ ጭምብል መዋስ አያስፈልገውም።

ለዚያ ደራሲ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ሰኞ ገበያ ጀበናዋን ዘርግታ የምትሸጠው እናት ፊልሙን አይታ ስትወጣ፣ በማግሥቱ ወደ ገበያዋ ያለ ስጋት መሄድ የምትችል ትሁን። ይህን የጠበቀ ፊልም የቱንም ያህል ቢያስፈራን ክፉ አያደርገንም።